ሶኬቱ ያልተነቀለበት ቅዳሜ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የሰው ጽሑፍ ግን ስተይብ ነው የምውለው። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የሠርግ ጥሪ፣ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ ሁሉም በእጄ ያልፋል። ሰው የጻፈውን እያየሁ ከሆነ ጣቶቼ አይቆሙም። የራሴን ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ ግን ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጥተው ቃል የሚያጡ ደንበኞች አሉ፤ እነሱን «የሆነውን ብቻ ይንገሩኝ» እላቸዋለሁ። እኔም የሆነውን ብቻ ልናገር።

የምሠራው አሰላ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ቤቱ የእትዬ ነው። ቤተሰቦቻቸው ከስልጤ መጥተው አሰላ በንግድ የኖሩ ናቸው። በአንዱ በኩል እሳቸው ሳሙናና ደብተር ይሸጣሉ፤ በሌላው በኩል ኮምፒውተሩ፣ ፕሪንተሩና ፎቶ ኮፒው ተደርድረዋል። እኔ የመጣሁት ለጽዳት ነበር። የተወለድኩት ጮሌ አጠገብ ካለ ገጠር ነው፤ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቁሜያለሁ። ሰባተኛን ለመማር ከተማ ቤት መከራየት ነበረብኝ፣ ያ አልሆነም። ቤታችን የሚነገረው ኦሮምኛ ነው። የአማርኛን ፊደል ከትምህርት ቤት፣ ንግግሩን ከአሰላ ነው ያገኘሁት።

ከእኔ በፊት የምትተይበው ልጅ አግብታ አዳማ ስትሄድ፣ እትዬ ሌላ ሰው እስኪያገኙ ብለው ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጡኝ። መደርደሪያ ስወለውል ጣቶቿን ሳይ ስለኖርኩ ቁልፎቹ የት የት እንዳሉ አውቅ ነበር። ሌላ ሰው አልመጣም።

ዓይን አፋር ነኝ። እትዬ ድምፄ ከፕሪንተሩ ድምፅ አይበልጥም ይላሉ። ደንበኞችም አጠገባቸው ተቀምጬ እየተየብኩላቸው፣ የሚፈልጉትን የሚናገሩት ለእሳቸው ነው። ይቺ ልጅ መስመሩን ታስተካክልልኝ ይሏቸዋል። እትዬ ደግሞ ኮምፒውተር ስለማያውቁ ወደ እኔ ዞረው መስመሩን አስተካክይለት ይሉኛል። እንዲህ ሆነን ነው የምንሠራው።

ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው። እትዬ ሲገዙትም ሰው የተጠቀመበት ነበር። የሲፒዩው አንድ ጎን ክዳን ስለሌለው በጨርቅ እንሸፍነዋለን፤ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ግን በሁለቱም ቋንቋ ይጽፋል፣ ያትማል፤ ለእኛ ያ ይበቃናል። ችግር የመጣው ከአፕዴት ጋር ነው። አንድ ጠዋት ስከፍተው ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና ነጠብጣቦች በክብ ይዞሩ ጀመር። ከሥራቸው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ነበር። እንግሊዝኛዬ ፊደል ከመቁጠር ብዙም አያልፍም፤ ቃላቱን አንድ በአንድ በስልኬ ፈለግኳቸው። አፕዴቱ አልተሳካም፣ የተለወጠውን እየመለስኩ ነው፣ ኮምፒውተሩን አታጥፉ፣ ነው የሚለው። መለሰና ተከፈተ። በማግስቱም ያው ሆነ። ማታ ስናጠፋው አዲስ ነገር ልጫን ይላል፤ ጠዋት ደግሞ አልሆነልኝም ብሎ የጀመረውን ያፈርሳል። ለወራት እንዲህ ስንኖር ለመድኩት። እሱ ሲያፈርስ እኔ ወለሉን እወለውላለሁ።

ስለ መብራቱ ካልነገርኩ ነገሩ አይገባም። አሰላ መብራት ዝም ብሎ አይሄድም፣ መጀመሪያ ይርገበገባል። ያን ጊዜ መንገዱ ዳር ያለው ሁሉ፣ ፀጉር ቤቱም ጁስ ቤቱም፣ እጁን ወደ ሶኬት ይሰዳል። ምክንያቱም መብራት ሲመለስ በኃይል ይመጣል። የእትዬን ፍሪጅ አንዴ አቃጥሎባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጡ፤ ሲርገበገብ ይነቀላል፣ ስንዘጋም ሁሉም ይነቀላል። ማታ ማታ ራሳቸው እየዞሩ አንድ በአንድ ይነቅላሉ፣ ከዚያ ቢስሚላህ ብለው በሩን ይቆልፋሉ። ኮምፒውተሩ አታጥፉኝ እንደሚል ስነግራቸው ሳቁብኝ።

«መብራቱን የማውቀው እኔ ነኝ ወይስ እሱ?» አሉኝ።

ወደ ትየባዬ ተመለስኩ።

ነገሩ የገባኝ እትዬ ለቅሶ ሄደው ቤቱን ለእኔ የተዉ ቀን ነው። ኮምፒውተሩ ያን ጠዋትም ማፍረስ ጀመረ፣ ግን ከወትሮው በጣም ቆየ። እሳቸው ቢኖሩ ነቅለው መልሰው ይሰኩት ነበር፤ ሲዘገይ የምናደርገው እንደዚያ ነው። እኔ ብቻዬን ስሆን ለመንቀልም ፈራሁ። ቁጭ ብዬ አየሁት። ሲፒዩው ፊት ላይ ትንሽ ቀይ መብራት አለች። ስክሪኑ ላይ የሚዞሩት ነጠብጣቦች ምንም አይነግሩም፣ ሁልጊዜ ያው ናቸው። ያቺ መብራት ግን አንዳንዴ ቶሎ ቶሎ፣ አንዳንዴ ቀስ እያለች ብልጭ ትላለች፤ ሥራ እንደያዘ ሰው። ከምሳ በኋላ ኮምፒውተሩ በራሱ ተከፈተ። ያን ቀን አፕዴቱ የማያልቀው እኛ በየማታው ስለምንነቅለው እንደሆነ ገባኝ። መብራቷ ብልጭ እስካለች ድረስ ደግሞ ውስጡ እየተሠራ ነው። ይህን ለእትዬ አልነገርኳቸውም። አንዴ ስለሳቁብኝ ሁለተኛ አፌን መክፈት ከበደኝ።

አሁን ወደ አስተማሪው ልምጣ። በኦጎልቾ በኩል ካለ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። የፈተና ወቅት ሲደርስ ጥያቄዎቹን በእጁ ጽፎ እኛ ጋ ይመጣል። እዚያው ማስተየብ ይችል ነበር፤ ግን እዚያ ባሉት ኮምፒውተር ቤቶች ወጣ ገባ የሚሉት የራሱ ተማሪዎች ናቸው። አንድ ዓመት ጥያቄው አምልጦበት ልጆቹ እንደገና ተፈትነዋል፣ የእሱም ስም በክፉ ተነስቷል። ስለዚህ የራሱ አሠራር አለው። አጠገቤ ቆሞ ያስተይበኛል፣ ስክሪኑ ላይ አንብቦ ያርማል፣ ልክ ሲሆን በእጁ የጻፈውን ያንኑ ሰዓት ይቀዳድድና ቁርጥራጩን ኪሱ ይከታል። ፍላሽ አይፈልግም፣ ፍላሽ ይጠፋል ይላል። ካተምን በኋላም ፋይሉን ፊቱ እንዳጠፋው ያደርገኛል።

የሚያመጣው የሰባተኛ ክፍል ፈተና ነው። ያልተማርኩትን ክፍል ፈተና በየወቅቱ የምተይበው እኔ ነኝ። ክፍልፋዮቹን ላይና ታች አስተካክዬ እጽፋለሁ፣ ሦስት ማዕዘኖቹን መስመር በመስመር እስላለሁ፣ ማዕዘኑ ላይ ያቺን ትንሽ ቅስት አስቀምጣለሁ። አስተማሪው ግን እንደ ሌሎቹ የሚያወራው ከእትዬ ጋር ነው። እኔ አጠገቡ እያለሁ፣ ልጅቷ ዛሬ ትጨርስልኝ ይሆን ብሎ እሳቸውን ይጠይቃል።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ፣ አንድ አርብ ከሰዓት መጣ። ሰማዩ ጠቁሯል። ተየብኩ፣ አረመ፣ ሴቭ አደረግኩ፣ ወረቀቶቹን ቀደደ። ልናትም ፕሪንተሩን ሳበራ መብራቱ ተርገበገበና ሄደ። ዝናቡም ወረደ። ትንሽ ጠበቀ፣ ከዚያ የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጠው ፈራ። ነገ ጠዋት መጥቼ አትማለሁ ብሎ ለእትዬ ነገራቸውና ጃኬቱን ራሱ ላይ ጥሎ ወደ መናኸሪያ ሮጠ። ፈተናው ሰኞ ነበር።

ልንዘጋ ስንል መብራት መጣ። ሥራው መቀመጡን ለማየት ኮምፒውተሩን አስነሳሁት። ፋይሉ አለ፤ አስተማሪው በሌለበት ግን አላተምኩትም። ሳጠፋው ግን የለመደውን አፕዴት ጀመረ፤ ፐርሰንቱን ይቆጥር ጀመር። እትዬ ትንሽ ይቆይ አልኩ፤ ድምፄ ወጥቶ ይሁን ሳይወጣ እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። እሳቸው የምሽቱ የመግሪብ ሰላት እንዳያልፋቸው ቸኩለዋል። ነቀሉት፣ ቢስሚላህ ብለው ቆለፉ።

ቅዳሜ ጠዋት ስሰካው ነጠብጣቦቹ መዞር ጀመሩ። የተለወጠውን እየመለስኩ ነው አለ። ከዚያ ድርግም ብሎ ጠፋና ራሱ ተነሳ፤ እንደገና እየመለስኩ ነው አለ። እንዲህ አድርጎ አያውቅም ነበር። አስተማሪው በጭቃ ጫማው ሲገባ ገና እየዞረ ነው። ስክሪኑን አየና «ማል ታኤ?» አለ፤ ምን ሆነ ማለቱ ነው፣ ሲደነግጥ ኦሮምኛ ይቀድመዋል። እትዬ ኮምፒውተሩ እንደታመመ ነገሩት።

በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ጥያቄዎቹን ከራሱ አውጥቶ እንደገና መጻፍ እንደሚችል፣ ግን ለስንቱ ጊዜ እንደሚደርስለት፣ ስዕሎቹስ እንዴት እንደሚሆኑ ሲያሰላ ፊቱ ላይ ይታያል። ለእትዬ እንደነገራቸው፣ የእሱ ፈተና ሰኞ ካልደረሰ ርእሰ መምህሩ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣውን ፈተና ለልጆቹ ይሰጣቸዋል። እዚያ የተማሩት ሌላ ነው፤ የእሱ ልጆች ደግሞ ረጅም መንገድ በእግራቸው እየመጡ የተማሩ ናቸው። በማያውቁት ጥያቄ ሊወድቁ ነው። ይህን ሲናገር ጮክ አላለም። ጮክ አለማለቱ ነው የከበደኝ።

እትዬ ኮምፒውተር ጠጋኙ ጋ ደወሉ። ለሥራ አቦምሳ ሄዶ ነበር። ይሄማ ፎርማት ነው የሚፈልገው፣ ስመለስ አምጡት አላቸው። ፎርማት ማለት ውስጡ ያለውን ሁሉ ማጥፋት እንደሆነ አውቃለሁ። ስልኩን ከእትዬ እጅ ተቀበልኩ። አሁን ስጽፈው ራሱ ይገርመኛል፤ ሲደወልልኝ እንኳ የማላነሳ ሰው ነኝ። ቀይዋ መብራት ብልጭ እያለች እንደሆነ ነገርኩት፣ ዝም ብለን ብንተወው ይመለስ እንደሆነም ጠየቅኩት። ጥቂት አሰበ። ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፣ ዋስትና አልሰጥሽም አለኝ። ስላልዋሸኝ አመሰግነዋለሁ።

ስልኩ ሲዘጋ እትዬ ነቅለን መልሰን እንሰካው አሉ። አስተማሪውም ተስማማ፤ የጨነቀው ሰው ዝም ብሎ ከመቀመጥ አንድ ነገር ቢደረግለት ይሻለዋል። እትዬ ወደ ግድግዳው ሄዱ። እኔ ቀድሜያቸው ሶኬቱ ፊት ቆምኩ።

«አይነቀልም» አልኩ።

እትዬ አፈጠጡብኝ። «ምን አልሽ?»

«አይነቀልም፣ እትዬ። እየሠራ ነው፣ መብራቷን ይዩዋት።»

«መብራት ቢሄድስ? ቢቃጠልስ?»

«ቢቃጠልም ፋይሉ ይጠፋል፣ ብንነቅለውም ላይነሳ ይችላል። ብንተወው ግን ሊመለስ ይችላል።»

እትዬ ወደ አስተማሪው ዞሩ። «ቲቸር፣ ሰማሃት? ዛሬ አፍ አወጣች።»

አስተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን አየ። እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ። አይደለሁም አልኩት፤ ግን አንድ ቀን ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። እውነቱ ይኸው ነበር። ወደ ስክሪኑ አየ፣ ወደ ቀይዋ መብራት አየ። ከዚያ ይሁን አለና ተመልሶ ተቀመጠ።

ኃይሉን እንዳይሻማበት ሌላው ዕቃ ሁሉ ይነቀል አልኩ። ይህን እትዬ ደስ ብሏቸው ሠሩት፤ ፎቶ ኮፒውንም ፕሪንተሩንም የስልክ ቻርጀሮቹንም ነቃቀሉ። እኔ ትንሿን በርጩማ ስቤ ጀርባዬን ለሶኬቱ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ፎቶ ኮፒ የሚፈልግ ሲመጣ እትዬ ዛሬ ማሽኑ ፆም ነው እያሉ ይመልሱታል።

በዚያ ሁሉ ጥበቃ መሃል አስተማሪው ያወራኝ ጀመር፤ በኦሮምኛ ነበር፣ ቀለል አለኝ። የምተይበውን አነበው እንደሆነ ጠየቀኝ። አነባለሁ አልኩት። ይገባሽ ይሆን አለኝ። አንዳንዱ ይገባኛል፣ ሦስት ማዕዘን ትንሽም ሆነ ትልቅ ሦስቱ ማዕዘኖቹ ሲደመሩ ያው እንደሚሆኑ ከእሱ ጥያቄዎች ደርሼበታለሁ አልኩት። ሳቀ። እስከ ስንተኛ እንደተማርኩ ሲጠይቀኝ ስድስተኛ አልኩ፣ ወለሉን እያየሁ።

«ታዲያ የኔን ተማሪዎች በየዓመቱ ቀድመሽ የምትፈተኚው አንቺ ነሽ ማለት ነው» አለኝ።

እትዬ ኦሮምኛ አሳምረው ይሰማሉ። ከባንኮኒው ኋላ ሆነው፣ እንዳትወድቅ ብቻ ንገራት አሉት።

ወደ ምሳ ሰዓት ሰማዩ ከጭላሎ ተራራ በኩል ተጫነ። ነጎደና አምፖሉ ተርገበገበ። መንገዱ ዳር ያለው ሰው ሲሯሯጥ ይሰማኛል፤ የፀጉር ቤቱ ማድረቂያ ቀጥ አለ፣ ጁስ ቤት ያለው ልጅ ንቀሉ ንቀሉ ይላል። የእትዬ እጅ ለዓመታት የለመደውን ሊሠራ መጣ። ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። አልተነሳሁም። መብራቱ ቢሄድ ግን የአስተማሪውን ፈተና ያጠፋሁት እኔ እሆናለሁ። ያረቢ አሉ እትዬ፣ ቀስ ብለው። እጃቸው እዚያው ቆየ እንጂ አልገፋኝም። አምፖሉ ደበዘዘ፣ ደግሞ ተርገበገበ፣ ከዚያ ጸና።

መንገዱ ላይ ያሉት መልሰው ከሰኩ ከብዙ ጊዜ በኋላ ስክሪኑ ጠቆረ። አስተማሪው ተነስቶ ቆመ። ሲፒዩው እንደ ወፍጮ አጓራ። ነጠብጣቦቹ ትንሽ ዞሩና ጠፉ፤ የምናውቀው ስክሪን ከነፋይሎቹ ቁጭ አለ።  ተቀምጬ ፋይሉን ፈልጌ ከፈትኩት። የመጀመሪያው ገጽ ወጣ፣ ከነሦስት ማዕዘኑ፣ ከነቅስቷ። አስተማሪው ጣቱን ስክሪኑ ላይ እያስኬደ እስከ መጨረሻው አነበበ። ሙሉ ነው አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆየ።

ፕሪንተሩን ሰካሁ። ወረቀቱ እንደሞቀ ሲወጣ እኔ እያስተካከልኩ እደረድር ነበር፣ እትዬ እየተቀበሉ በስቴፕለር ያያይዙ ነበር። ኩራት ኃጢአት ነው ይባላል። ያን ቀን ግን ኮርቻለሁ፣ አሁንም ስጽፈው እኮራለሁ። የኮራሁት ኮምፒውተሩን ስላዳንኩት አይደለም፤ እሱ የተመለሰው በራሱ ነው። የኮራሁት ያየሁትን አይቻለሁ ስላልኩ፣ ካልኩም በኋላ ከዚያች በርጩማ ስላልተነሳሁ ነው።

የአፕዴቱን መጨረሻም እንዳልረሳው እዚህ ላይ ልጻፈው። ቦታ ጠቦት እንዳይሆን ከብዙ ዓመት የተጠራቀሙ የሠርግ ቪዲዮዎችን፣ እትዬ እያዩ አይ ይቺማ ባሏን ፈታለች አጥፊው እያሉኝ፣ አንድ በአንድ አጠፋሁ። ከዚያ አንድ እሑድ ቁልፉን ተቀብዬ ቤቱን ዘግቼ ውስጥ ዋልኩ። ፐርሰንቱ ሁልጊዜ የሚወድቅበት ጋ ሲደርስ ትንፋሼን ያዝኩ፤ አለፈው። መቶ ሞላና ተከፈተ። ማንም ስላልነበረ ለራሴ አጨበጨብኩ። የእትዬ ሕግ ዛሬም አለ፣ ማታ ሁሉም ይነቀላል። ከመንቀላቸው በፊት ግን ወደ እኔ ዞረው ይጠይቃሉ።

ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ። አስተማሪው ፈተናዎቹን በፌስታል ጠቅልሎ ጃኬቱ ውስጥ ከተተ። እንደ ልማዱ ፋይሉን ላጥፋው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አንቺ ጋ ይቆይ አለኝ። እትዬን ተሰናብቶ ወጣ። ዝናቡ አባርቶ፣ መንገዱ ላይ የጋሪ ፈረሶች ውሃ እየረጩ ያልፋሉ። ከደረጃው ወርዶ ጥቂት ከሄደ በኋላ ተመልሶ መጣ። የረሳው ነገር ያለ መስሎኝ ጠረጴዛውን አየሁ። በሩ ላይ ቆሞ እትዬን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው።

«ልጆቹ ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ይጀምራሉ» አለኝ፤ «ፈተናው ያንቺም ሥራ ነውና እንድታውቂው ብዬ ነው።»